የባለቤትዎ ሙሉ ስም

ይገዙ ያን ቅዳሜ ጠዋት የነቃው ሚስቱ እንግዳ ስትቀበል ሰምቶ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሲንቄ በእንግሊዝኛ ደህና አደሩ አለች። ቀጥላ እባክዎ ይቀመጡ አለች። ሻይ ይሻልዎታል ወይስ የአምቦ ውሃ ብላ ጠየቀች፤ ጥቂት አዳመጠችና ደግሞ ሳቀች፤ እንግዳው የሚያስቅ ነገር የተናገረ ይመስል። በዚያ ሰዓት አምቦ ውስጥ ሰው ቤት የሚያንኳኳ ፈረንጅ ቀርቶ የቀበሌ ጥበቃ እንኳ የለም። ይገዙ በክርኑ ቀና ብሎ የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አደረገ። ሲንቄ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ቡታጋዙ ላይ ጀበናውን ሳይሆን የሻይ ማንቆርቆሪያውን ጥዳ፣ ባዶ ወንበር ፊት እጇን ዘርግታ ቆማለች። ወንበሩ የእሱ ነው፤ ማታ ማታ ሱሪውን የሚጥልበት። ሱሪው ተጣጥፎ አልጋው ግርጌ ተቀምጧል። በትዳር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይህች ሴት እሱን በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ እባክህ ተቀመጥ ብላው አታውቅም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ተቀመጥ እስኪባል የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ባዶ ወንበር ከእሱ በልጦ ሲከበር ማየት አልተዋጠለትም።

«ከማን ጋር ነሽ?» አለ።

«ከፈረንጁ ጋር» አለች ሳትዞር። «ዛሬ ፈተና አይደለም እንዴ? ተነስ፣ ሻዩ ፈልቷል።»

ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ በወር አምስት ብር ከሃምሳ ሲሆን በክረምት የሚያፈሰው ለብቻው በነፃ ነው። አንዲቷን ክፍል አበባ ያለው መጋረጃ ለሁለት ከፍሏታል፤ ወዲህ አልጋ፣ ወዲያ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ልጅ የላቸውም፤ ስለዚህ ጉዳይ መጀመሪያ አካባቢ ብዙ ተነጋግረው ኋላ መነጋገሩን ትተውታል። የወሩ የስኳር ራሽን ሊያልቅ ተቃርቦ ነበርና ሲንቄ ለእሱ ሁለት ማንኪያ አድርጋ የራሷን እንዲሁ መራራውን ጠጣች። ይገዙ ይህን አይቶ እንደ ሰው ደስ ሊለው ሲገባ በልቡ መዘገበው። ጥፋት ያለባት ሴት ካልሆነች ስኳሯን ለባሏ አትተውም ብሎ አሰበ። ቅናት አንዴ ቤት ከገባ የሚበላው አያጣም።

ነገሩን ያመጣው ራሱ ነው። አምና ጥቅምት ላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለሥራ ሰዎች የማታ እንግሊዝኛ ሲከፈት ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነበር። የአውራጃው ግብርና መሥሪያ ቤት የመጋዘን ሠራተኛ ነውና ማዳበሪያው ጆንያ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ቢፈርም ያምረዋል። ሲንቄን ያስመዘገባት በማግሥቱ ነው፤ እንድትማር ሳይሆን ማታ እሱ በሌለበት ከዓይኑ እንዳትርቅ። እዚያው መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ የምትመታው በአማርኛ ብቻ ስለሆነ እንግሊዝኛው የትም አያደርሳትም ብሎ ገምቶ ነበር። መምህሩ አቶ ገብረአማኑኤል ደግሞ ሰዋስው እያስሸመደዱ ጊዜ የሚያጠፉ ሰው አይደሉም። «እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ የማስተምራችሁ የሚሠራ እንግሊዝኛ ነው» ይሉና ራስን ማስተዋወቅ፣ ቅጽ መሙላት፣ የስልክ መልእክት መቀበል፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ማስጠንቀቂያ ማንበብ፣ አገሩን የማያውቅ እንግዳን ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው መንገድ መምራት ያለማምዳሉ። ይገዙ ቃላቱን ያውቃቸዋል። ለመናገር አፉን ሲከፍት ግን አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይወድቅበታል፤ ሰው ይስቅብኛል እያለ ላብ በላብ ይሆናል። ሲንቄ ተሳስታ ትስቃለች፣ ስቃም ትቀጥላለች። የገና በዓል ሳይደርስ ከክፍሉ የሚቀድማት ጠፋ።

የስልኩ ትምህርት የመጣ ዕለት ነገሩ ባሰ። አቶ ገብረአማኑኤል በስልክ የሚነጋገሩ ሰዎች አይተያዩም ብለው ሁለት ወንበር ጀርባ ለጀርባ አስገጠሙና ሲንቄን ከኦልጅራ ጋር አስቀመጧት። ኦልጅራ የስልክ ኦፕሬተር ነው፤ ወንደላጤ፣ የሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ከፍቶ የሚሄድ፣ ድምፁ የሚያምር የጉደር ልጅ። ይገዙ ጀርባቸው ይነካካ እንደሆነ ለማየት እርሳሱን ሆን ብሎ ጥሎ ጎንበስ አለ። አልተነካካም። ይህ ግን አላጽናናውም። ኦልጅራ ሥራ አስኪያጁን ፈልጌ ነበር አለ፤ ሲንቄ የሉም፣ መልእክት ልቀበልዎ አለች፤ ኦልጅራ ነገ እደውላለሁ ብለሽ ንገሪልኝ አለ። ሁሉም ከመጽሐፉ ላይ ያለ ነው፤ ይገዙም ከመጽሐፉ ላይ መሆኑን ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ያቺ «ነገ» የምትባል ቃል ሌሊቱን ስታገላብጠው አደረች። ከዚያ ወዲህ ኦልጅራ ሳል ባለው ቁጥር ሲንቄን የጠራት ይመስለው ነበር።

የባኮው ማስታወቂያ የወጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባኮ አጠገብ የተከፈተ አንድ የዘር ማባዣ ፕሮጀክት የውጭ ባለሙያዎችን ተቀብሎ የሚያስተናግድ፣ ስልክ የሚመልስና ቅጽ የሚሞላ ሠራተኛ ፈልጓል። ከማታው ትምህርት በፈተና አንደኛ የወጣውን ሰው ስም ፈተናውን የሚሰጡት ሴትዮ ራሳቸው ለፕሮጀክቱ ይልካሉ። ደመወዙ ሲንቄ ከምታገኘው እጥፍ ነው። ግርጌው ላይ፣ ግቢው ውስጥ ያለው መኖሪያ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳድር ስለሆነ ትዳር የሌለው ይመረጣል የሚል ነበረበት። ሲንቄ ማታውን ጉዳዩን አንስታ ነበር። «‹ይመረጣል› ነው የሚለው፣ ግድ ነው አላለም። ባል አለኝ እላቸዋለሁ፤ ከወደዱኝ ይወስዱኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ እነሱም ቆይተው የመጋዘን ሰው መፈለጋቸው አይቀርም» አለችው። ይገዙ እንደፈለግሽ አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ጨው አቀብይኝ ከማለት ያለፈ ንግግር አልተሰማም። እሱ ዝም ያለው ተናዶ ነው፤ እሷ ዝም ያለችው እሱ ዝም ስላለ። እሱ መሄድ የተመኘበት ቦታ እሷ ልትሄድ ነው፤ ያውም ፈረንጅን ይቀመጡ እያለች፣ ያውም የቡና ቤትና የከባድ መኪና ሾፌር በሞላበት ቆላ፣ ያውም ስልክ እየመለሰች። ስልኩን ከአምቦ የሚያገናኘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም።

ሻዩን ጠጥተው አብረው ወጡ። በመንገዱ ዳር ጋሪዎች ለገበያ የመጣ ሽንኩርት ያራግፋሉ። ሲንቄ ቂሙን እንዳላየ ሆና እየሄዱ ታለማምደው ጀመር፤ ሥራህ ምንድነው ትለዋለች፣ ይንተባተባል፣ ታርመዋለች። «ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ። የሚያሯሩጥህ የለም» አለችው። የሚያልፍ ሰው ሚስቱ ስታርመው የሰማ መስሎት ይገዙ እርምጃውን አፈጠነ። «እኔ የክፍል አለቃ ነኝ፤ ቀድሜ ገብቼ ካርዶቹን መውሰድ አለብኝ» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ካርዶቹን አቶ ገብረአማኑኤል ከቢሯቸው አውጥተው ሰጡት። እያንዳንዷ ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ጉዳይ ከነጥያቄዎቹ ተጽፏል፤ አንዷ ሆቴል፣ አንዷ ጤና ጣቢያ፣ አንዷ የጠፋ ሻንጣ። ፈታኟ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጡ ናቸው። ተፈታኝ በተቀመጠበት ተራ ይገባል፣ ከላይ ያለችውን ካርድ ያነሳል፣ ስለ ራሱ እውነተኛውን ይመልሳል፤ የቃል ጥናት ማነብነብ አይፈቀድም። የይገዙ ሥራ ካርዶቹን አድርሶ ጠረጴዛው ላይ ማኖር ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ሲሆን ግን ቆም ብሎ ገለጣቸው። መሃል ላይ አዲስ ሠራተኛ የሚመዘገብበት ካርድ አለች። ስምዎ፣ ዕድሜዎ፣ የትውልድ ቦታዎ፣ አግብተዋል ወይ፣ የባለቤትዎ ሙሉ ስም ማነው፣ ምን ይሠራሉ።

ሲንቄ የአማቿን ስም አትጠራም። እጃጂ አካባቢ ባደገችበት ቤት ሙሽራ የባሏን አባት ስም ከአፏ አታወጣም፤ ሰውየው ቢሞትም አታወጣም። የይገዙ አባት ዳዲ ይባሉ ነበር፤ በኦሮምኛ ዳዲ ማለት ጠጅ ስለሆነ ሲንቄ እናቷ ዘንድ ሄዳ ጠጅ ስትፈልግ እንኳ «ያቺን ቢጫዋን» ነው የምትለው። ቀበሌ ሄዳ የባልሽ ስም ከነአባቱ ስትባል አጠገቧ ያለችውን ሴት በክርኗ ጎሸም ታደርግና ያቺ ትናገርላታለች። የይገዙ እናት በዚህ ነገር ምርቃታቸው አያልቅም፤ ይገዙም ሰው ፊት ደረቱን የሚነፋበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ይኸው ነው። ታዲያ ያን ጠዋት ካርዷን ከመሃል መዘዘና ሦስተኛ አድርጎ ከተታት። ከሲንቄ በፊት የሚገቡት የጤና ጣቢያው አሻግሬና ኦልጅራ ናቸው። ብትወድቅ አትሞትም ብሎ ራሱን አጽናና። ካርዶቹን አደራ እንደተቀበለ ሰው በሁለት እጁ ይዞ ገባ።

የፈተናው ክፍል በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የተጻፈበት ግድግዳ አለው፤ አንዱ መስኮት መስታወት ስለሌለው ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ይገዙ ወጥቶ እዚያ መስኮት ሥር ቦታውን ያዘ። አሻግሬ ገብቶ ወጣ። ኦልጅራ ገብቶ ሲወጣ እየሳቀ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ኦቦ ይገዙ፣ ሂንሶዳቲን፣ አትፍራ» አለው ትከሻውን መታ አድርጎ። «እኔ እንኳ አልፌያለሁ። ሚስትህ ባታለማምደኝ ድብን ብዬ ነበር የምወድቀው። እኅት ነች እኮ!»

ይገዙ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም። ሲንቄ ገብታ ተቀምጣለች። ካርዷን አነሳች፣ ደህና አደሩ አለች፣ ስሟን ተናገረች። ሲንቄ ገመዳ። የተወለድኩት እጃጂ አጠገብ ነው፤ ሥራዬ ታይፒስት ነው፤ ጣቴ ፈጣን ነው፣ አፌ ግን ገና እየተማረ ነው አለችና ፈታኟን አሳቀቻቸው። ይገዙ የሳቁ ድምፅ ሲመጣ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ወይዘሮ ሮማነወርቅ አግብተዋል ወይ ብለው ጠየቋት።

ሲንቄ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፍታ ዓይኗ ካርዷ ላይ ወረደ። ቀጣዩ ጥያቄ እዚያው ተጽፎላታል። አዎ ካለች ሙሉ ስሙን መጥራት ሊኖርባት ነው፤ አጠገቧ ደግሞ ጎሸም የምታደርጋት ሴት የለችም። ዝምታው ሲረዝም ይገዙ ውስጥ አንድ ክፉ ደስታ እየተነፋ መጣ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ብዕራቸውን አንስተው ጠበቁ። ሲንቄ ቀና ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ይገዙ ቶሎ ዝቅ ሊል አስቦ ዘገየ። አየችው። ካርዶቹን ተሸክሞ የገባው ማን እንደሆነ ለማስታወስ ብዙም ጊዜ አልፈጀባትም፤ ፊቷ እንደ በር ሲዘጋበት ይገዙ በደንብ አይቷል።

«ኖ» አለች። «አላገባሁም።»

ከዚያ በኋላ ያቆማት አልነበረም። ከማን ጋር ነው የምትኖሪው ተባለች፤ ብቻዬን አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጣሪያው ያፈሳል እንጂ ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰዎች ናቸው አለች። ማታ ማታ ምን ትሠሪያለሽ ተባለች፤ ለባዶ ወንበር እንግሊዝኛ አስተምራለሁ አለች። ፈታኟ ከልባቸው ሳቁ። መስኮቱ ሥር ኦልጅራም አፉን ይዞ ሳቀ።

«ብልጥ ናት! የአባትህን ስም ስትሸሽ ነው እኮ» አለው በሹክሹክታ። «እናቴም እንደዚሁ ናት። ዱጋ፣ እውነት፣ እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ትገኛለች?»

ይገዙም ያውቃል። አላገባሁም ያለችው ለአባቱ ክብር ብላ መሆኑን ከኦልጅራ ቀድሞ ነው ያወቀው። ግን ቀናተኛ ሰው የሚያውቀው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ ነው። የሰማው ሚስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ኦልጅራ ባለበት፣ ያለ ምንም እንቅፋት፣ ባል የለኝም ስትል ነው። ለዓመታት አብሮ የበላው፣ አብሮ የተኛው፣ ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ያቀበለው ሁሉ በአንዲት ቃል እንዳልነበር ሆነ። ሲንቄ ወጥታ ሳታየው አጠገቡ አለፈች፤ ከበሩ ወዲያ ጥላው ውስጥ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። ተራው የእሱ ነበር።

ሲገባ ካርዷ ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠች ናት። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሌላ ለማንሳት እጃቸውን ዘረጉና ተዉት፤ ይህች ጥሩ ስለሄደች በእሷው እንቀጥል አሉት። ስሙን ጠየቁት፣ ተንተባተበ። ሥራውን ጠየቁት፣ መጋዘን የሚለው ቃል ጠፋበት። አግብተዋል ወይ አሉት።

«የስ» አለ ይገዙ፤ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። ቃላቱ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወድቅ ተራ በተራ መጡለት። አግብቻለሁ። የባለቤቴ ስም ሲንቄ ገመዳ ነው። የግብርና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እንደዚያ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ከይገዙ አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ቬሪ ጉድ!» አሉ ወይዘሮ ሮማነወርቅ በልማድ፤ ነጥብ ሊሰጡ ጎንበስ ካሉ በኋላ ነው የገባቸው። ብዕሩን አስቀምጠው ወደ አማርኛ ተመለሱ። «ቅድም የነበረችው? የእርስዎ ባለቤት ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አላገባሁም አለችኝ?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። አስተዳደጓ ነው፣ የአባቴን ስም መጥራት ነውር ስለሆነባት ነው ቢል ያበቃል። ሴትዮዋ ይስቃሉ፣ ምናልባትም ያደንቋታል፣ አግብታለች ብለው ጽፈው ነጥቧን እንዳለ ይልኩላታል። ይህን ለመናገር እንግሊዝኛ አያስፈልገውም፤ በአማርኛ ነው የተጠየቀው። ግን መስኮቱ ላይ የኦልጅራን ሸሚዝ አየ።

«እኔ እንጃ» አለ። «እሷን ይጠይቋት።»

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ተነስተው በሩን ከፈቱ። ሲንቄ መጠራትም አላስፈለጋት፤ ደጃፉ ላይ ነበረች። ሁሉንም ሰምታለች። ፈታኟ ተቀመጪ አሏት፤ አልተቀመጠችም።

«እኔ የምፈትነው እንግሊዝኛ ነው እንጂ ኑሮ አይደለም» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «ነጥብሽ አይነካም፤ አንደኛ ነሽ። ግን ስምሽን ወደ ባኮ በምልክበት ጊዜ ያገባች ወይም ያላገባች ብዬ መጻፌ አይቀርም። ባለቤትሽ እንዲህ አሉኝ፤ አንቺ ደግሞ ቅድም ሌላ ብለሻል። አላስቀይምሽም፣ የትኛውን ልጻፍ?»

ሲንቄ ይገዙን አየችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ የምትጠብቅ ሰው አስተያየት ነው ያየችው። አሁንም አንዲት ቃል ቢተነፍስ ጊዜ ነበረው። እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል መቁጠር ጀመረ፤ ሀ ሁ ሂ ላይ ደርሶ አንገቱን ደፋ።

«ቅድም ያልኩትን ይጻፉልኝ» አለች ሲንቄ በአማርኛ።